የቤት ለቤት የእናቶች ጤና ክትትል (ደሴና ኮምቦልቻ)

በደሴና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ኮምቦልቻ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን ከጤና ተቋም ጋር የሚያገናኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ። ፕሮግራሙ በአገሪቱ ገጠሮች በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀመረ፤ የከተማው በ2002 ዓ.ም. ገደማ ተከተለ። ባለሙያዋ ቡና በተፈላበት ቤት አረፍ ብላ የወር አበባ የቀረበትን ጊዜ ትጠይቃለች፣ መዝገቧ ላይ ታሰፍራለች፣ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ወዲያውኑ መሄድ ግድ ነው። ከወሊድ በኋላ ያለው ጉብኝት ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል፤ አራስ ከቤት ስለማትወጣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አደጋ፣ በተለይ የደም መፍሰስና ትኩሳት፣ ሳይታይ ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ፣ በሪፈር ወረቀት የምትላክ እናት መድረሻዋን አጣች።