በግ መቼ ይጮሃል?

ልጅ ሳለሁ መርሳ ውስጥ ሳንቲም ከፍለን በጨለማ የምንታደምበት ቪዲዮ ቤት ነበር። ባለቤቱ እንግሊዝኛ ይችላል የሚባል ወጣት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁሞ ያስተረጉምልን ነበር። አንድ ምሽት ለዕድሜዬ የማይገባ ፊልም ተከፈተ፤ ጆናታን ዴሚ ከቶማስ ሃሪስ ልቦለድ ያዘጋጀው «የበጎች ዝምታ»። ሠልጣኟ መርማሪ ክላሪስ ለታሰረው ሰው በላ ሐኪም የልጅነቷን ሌሊት ስትተርክ፣ አስተርጓሚያችን «በጎቹ ሲታረዱ ይጮኹ ነበር» አለ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «በግ መቼ ይጮሃል? ፍየል ይሆናል እንጂ!» ቢል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ሰውየው እውነቱን ነበር። በሀብሩ ያረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፍየል ሰፈር ትቀሰቅሳለች፣ በግ ግን ከቢላዋው ሥር አንገቱን ሰጥቶ ዝም ይላል። እናም ርእሱ ለእኛ ተገልብጦ ይደርሰናል። የእኛ በግ ዝም የሚለው ሲታረድ ነው፤ የክላሪስ በጎች ግን ዝም የሚሉት እርሷ አንዲት ነፍስ ስታድን ነው።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ጋዜጠኛ የነበረው ሃሪስ የዶክተር ሐኒባል ሌክተርን አመጣጥ ለዓመታት ከደበቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው እትም መግቢያ ላይ ገለጠው። በ23 ዓመቱ፣ ሞት የተፈረደበትን አንድ አሜሪካዊ ሊያነጋግር ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ ወደሚገኝ ወኅኒ ቤት ሄዶ ነበር። እስረኛው ሊያመልጥ ሲሞክር በጥይት ተመትቶ ስለነበር፣ ሃሪስ ያከመውንም ሐኪም አነጋገረ። ሐኪሙ ግን ከመመለስ ይልቅ ይጠይቅ ጀመር፤ ስለ እስረኛው መልክ፣ ስለ ሟቾቹ። ሃሪስ ሲወጣ፣ ሐኪሙ እዚህ ስንት ዓመት እንደሠራ የወኅኒ ቤቱን አዛዥ ቢጠይቅ፣ ሰውየው ራሱ ነፍሰ ገዳይ እስረኛ መሆኑ ተነገረው። ደራሲው «ዶክተር ሳላዛር» ሲል ስሙን ሸሸገለት፤ ጋዜጠኞች ግን አልፍሬዶ ባዪ ትሬቪኞ መሆኑን ደረሱበት። ይህ ሰው በኋላ ተፈትቶ፣ እዚያው ሞንቴሬይ ድሆችን ሲያክም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ሞተ።

እኔን የሚገርመኝ ጠያቂው ተጠያቂ ሆኖ መገኘቱ ነው። (እኔም በባንክ መስኮት ቀኑን ሙሉ መታወቂያና ፊርማ እጠይቃለሁ፤ ደንበኛ መልሶ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ወለድ ብቻ ነው።) ልቦለዱ የቆመበት ምሰሶ ይህ ይመስለኛል፤ ክላሪስ ስለ ሌላ ገዳይ ልትጠይቅ ሄዳ የራሷን ሌሊት ሰጥታ ትወጣለች። ዴሚ ያንን ሌሊት በምስል ሊያሳየን አቅዶ ነበር፤ የጆዲ ፎስተርንና የአንቶኒ ሆፕኪንስን ትወና ካየ በኋላ ግን ተወው። ስለዚህ በፊልሙ ሲታረድ የሚታይ የለም፤ ያለው የሁለት ሰው ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አምስቱን ዐበይት ኦስካሮች ጠቅልሎ ሲወስድ፣ ከእርሱ በፊት ይህ የሆነላቸው ፊልሞች ሁለት ብቻ ነበሩ።

መጽሐፉን ያነበብሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ የአስተርጓሚያችንንም ስሕተት ያኔ አገኘሁት። ቃሉ በግ ሳይሆን ግልገል ነው። ግልገል ደግሞ ይጮሃል፤ ከእናቱ ሲነጠል በወልድያ ገበያ ያለፈ ሁሉ ሰምቶታል።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ገባ። የምሠራበት ባንክ ተዘጋ፤ መብራትና ስልክ ጠፋ፤ እስከ ታኅሣሥም እንዲሁ ቆየን። ጎረቤታችን እማማ አንዲት በግ ከነግልገሏ ጓዳ ውስጥ ደብቀው ነበር። በደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር የግልገሉን አፍ በነጠላቸው ጫፍ አፍነው ይይዙታል። አንድ ቀን እጃቸው ዝሎ ኖሮ ለእኔ ሰጡኝ። ትንፋሹ መዳፌን ያሞቀው ነበር፤ ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ለጣቶቼ ይሰማኝ ነበር። ኮቴው እስኪርቅ ድረስ ያዝሁት።