የጀድሰን ሚስት ብቻ አልነበረችም

የተልእኮ ታሪክ በማስተምርበት ክፍል የአዶኒራም ጀድሰንን ስም የማያውቅ ተማሪ እምብዛም አይገጥመኝም። በርማ የዘለቀ ሰባኪ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ በርማ ቋንቋ የመለሰ ሊቅ ነው። ስለ ሚስቱ ስጠይቅ ግን መልሱ አጭር ነው፤ «ሲታሰር ስንቅ ታቀብለው የነበረችው» ይሉኛል። ይህ አነጋገር ሁሌም ይከነክነኛል።

አን ሃዘልታይን እ.ኤ.አ. በ1789 ማሳቹሴትስ ውስጥ ብራድፎርድ በተባለች ከተማ ተወለደች። ከጋብቻዋ በፊት መምህርት ነበረች። በ1812 መጀመሪያ ከጀድሰን ጋር ተጋብተው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሕንድ የሚሄድ መርከብ ተሳፈሩ። ያን ጊዜ እነሱ ባፕቲስቶች አልነበሩም፤ የላካቸው የሌላ ቤተ እምነት ማኅበር ነው። ባልየው በጉዞው ላይ ስለ ጥምቀት ሲመረምር የሕፃናትን ጥምቀት መጠራጠር ጀመረ። እሷ አጥብቃ ተቃወመችው፤ አንተ ባፕቲስት ብትሆን እኔ አልሆንም እስከ ማለት ደርሳ ነበር። ከዚያ ግን ራሷ መጻሕፍቱን አገላብጣ፣ ራሷ መዝና ወሰነች፤ በመስከረም 1812 ካልካታ ላይ ሁለቱም ተጠመቁ። በዚህም የላኳቸውን ሰዎች ድጋፍ አጡ። የአሜሪካ ባፕቲስቶች በ1814 ፊላዴልፊያ ላይ ተሰብስበው የውጭ ተልእኮ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት እነዚህ ባልና ሚስት ያለ ላኪ በመቅረታቸው ነው።

በ1813 በርማ ውስጥ ራንጉን ገቡ። እሱ ከመምህሩ ጋር መጽሐፍ ላይ ተቀምጦ ሲውል፣ እሷ ከገበያውም ከሠራተኛውም ጋር ስትነጋገር የምትውለው በበርማ ቋንቋ ነበርና በንግግር ቀደመችው። የስምንት ወር ወንድ ልጇን እዚያው ቀበረች፤ ሥራዋን ግን አልተወችም። ከተማዋ ውስጥ የታይ ተወላጆች እንደሚኖሩ ስታይ ቋንቋቸውን ተማረች፣ አጭር የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍና የማቴዎስን ወንጌል ወደ ታይ መለሰች። ትምህርተ ሃይማኖቱ በ1819 ሕንድ ውስጥ በሴራምፖር ማተሚያ ቤት ታተመ፤ በታይ ፊደል ከታተሙት ሁሉ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ከሥራዋ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። ማንም አላዘዛትም፤ የላካቸውም ማኅበር ወደ ታይ አልላካትም። ወደ በርማ ቋንቋም ትንቢተ ዳንኤልንና ትንቢተ ዮናስን ተርጉማለች።

በ1824 እንግሊዝና በርማ ተዋጉ። ለሚሲዮናውያኑ ገንዘብ የሚደርሳቸው በእንግሊዞች በኩል ስለነበር ጀድሰን በሰላይነት ተጠርጥሮ አቫ ከተማ ውስጥ በእግር ብረት ታሰረ። አን እርጉዝ ነበረች። ከሹም ወደ ሹም እየተመላለሰች አቤት አለች፣ ለዘበኞች እጅ መንሻ ሰጠች፣ በወህኒው ግቢ የቀርከሃ መጠለያ አሠራችለት። ገና ያልታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ረቂቅ መጀመሪያ መሬት ውስጥ ቀበረችው። እርጥበት እንዳያበላሸው ስትሰጋ አውጥታ ማንም የማይመኘው ሻካራ ትራስ ውስጥ ሰፋችውና ለባሏ ሰጠችው። እስረኞቹ በድንገት ወደ ሌላ ስፍራ ሲነዱ ትራሱ ተጣለ፤ አንድ የበርማ ክርስቲያን ለመታሰቢያ ብሎ አነሣው፣ ረቂቁም ከነነፍሱ ተገኘ።

እሷ በጥር 1825 የወለደቻትን ማርያን ታቅፋ እስረኞቹን ተከተለች። እዚያ በጠና ታመመች፣ ጡቷም ነጠፈ። ጀድሰን እግር ብረቱን እየጎተተ ሕፃኗን ይዞ ለመንደሩ አራሶች ጡት እንዲያጠቧት ይለምን ነበር።

ጦርነቱ በ1826 አበቃ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 24 ቀን ባሏ ወደ አቫ ሄዶ ሳለ በርማ ውስጥ በአምኸርስት በትኩሳት ሞተች፤ ዕድሜዋ 36 ነበር። ልጇ ማርያም እናቷ በሞተች በስድስት ወር ተከተለቻት። ሕይወቷን የሚተርከው መጽሐፍ በ1829 ታትሞ ብዙ አንባቢ አገኘ፤ አላባማ ውስጥ ማሪዮን ላይ የተከፈተው የሴቶች ትምህርት ቤትም በስሟ ተሰየመ። ኮሌጅ ሆኖ ቆይቶ በ2021 ተዘጋ።

ይህን ታሪክ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጀድሰንን የበርማ መጽሐፍ ቅዱስ ስታነሡ በታይ ቋንቋ የተተረጎመውን ማቴዎስንም አንሡ፤ ተርጓሚዋንም በስሟ ጥሯት።