ሰንሰለቱን የበጠሰው ውሻ እና የታሰረው ዳክዬ

የዘንድሮውን የመገናኘት በዓል መጽሔት የሚያዘጋጁት ልጆች ደውለው «መምህር፣ እባክዎ ዘንድሮ የሚያስቅ ነገር ይጻፉልን፤ ጦርነቱ ይብቃን» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ችግሩ ግን ዕድሜዬን የአውሮፓን ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳቅ ፍለጋ የድሮ ማስታወሻዎቼን ባገላብጥ፣ ያገኘሁት ሳቅ ሁሉ ከጦርነት ጋር ተጣብቆ ወጣ። ስለዚህ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለነበሩት የካርቱን መጽሔቶች ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቀይ ውሻ ነው።

አፕሪል 4 ቀን 1896፣ የዐድዋ ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው፣ ሙኒክ ከተማ ውስጥ አልበርት ላንገን የሚባል ወጣት አሳታሚ «ሲምፕሊሲሲሙስ» የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት አወጣ። ስሙን የወሰደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግሪመልስሃውዘን ከጻፈው ልብ ወለድ ነው። የልብ ወለዱ ባለታሪክ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት መካከል የተጣለ አንድ የዋህ ልጅ ነው፤ የዋህ በመሆኑም ሌላው አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውን ያያል። የመጽሔቱን አርማ የሣለው ቶማስ ቴዎዶር ሃይነ ነበር፦ ጥርሱን ያገጠጠ፣ ሰንሰለቱን የበጠሰ ቀይ ቡልዶግ።

ውሻው በእርግጥም ይናከስ ነበር። ኤድዋርድ ቴኒ በአንድ ዓይኑ ላይ መነጽር ሰክቶ ደረቱን የነፋውን የጀርመን መኮንን ይስላል። ኖርዌያዊው ኦላፍ ጉልብራንሶን በጥቂት መስመር የአንድን ሹም ትዕቢት ያወጣዋል። ዳኛው፣ ቄሱ፣ ባለመሬቱ፣ ፖሊሱ፣ ማንም አይቀርም። ካይዘሩም አልቀረ።

በ1898 ካይዘር ዊልሄልም ሁለተኛ በታላቅ አጀብ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘ። ሃይነ በመጽሔቱ ፊት ገጽ ላይ የካይዘሩን ባለሹል ራስ ቁር የያዙ ሁለት የጥንት የመስቀል ጦረኞችን ሣለ። አንደኛው ባርባሮሳ ነው፤ ይስቃል። ሌላው ጎድፍሬይ ደግሞ «አትሳቅ፣ የእኛም ዘመቻ ቢሆን ፋይዳ አልነበረው» በሚል መንፈስ ይገሥጸዋል። ቀልድ ሲያብራሩት ይሞታል ይባላል፤ የካይዘሩ ዐቃቤ ሕግ ግን ማብራሪያ አላስፈለገውም። እትሙ ተወረሰ። ሃይነ ስድስት ወር ተፈርዶበት ምሽግ ውስጥ ታሰረ። ለዚያው እትም ግጥም የጻፈው ፍራንክ ቬደኪንድም እስር አልቀረለትም። ላንገን አገር ጥሎ ሸሸ፤ አምስት ዓመት በስደት ቆየ። በ1906 ደግሞ የመጽሔቱ ጸሐፊ ሉድቪግ ቶማ ቀሳውስትን ዘለፈ ተብሎ ስድስት ሳምንት ታሰረ።

እስሩ መጽሔቱን አላዳከመውም፤ እንዲያውም ገበያው ደራ። የተከለከለ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዶርም በትራስ ሥር ያደረውን፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ ያለቀውን ወረቀት ታስታውሳላችሁ። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡም ግልጽ ነበር፤ የቀለደው ሰው የቀልዱን ዋጋ ራሱ ይከፍላል።

ከዚያ ኦገስት 1914 መጣ።

ጦርነቱ እንደታወጀ ካይዘሩ ከእንግዲህ ፓርቲ እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው ጀርመናውያንን ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ጦርነትን ስንቃወም ኖረናል የሚሉት ሶሻል ዴሞክራቶች እንኳ በፓርላማ ለጦርነቱ በጀት ድምፅ ሰጡ። የሲምፕሊሲሲሙስ ሰዎችም ተሰበሰቡ። በኋላ ከውስጥ አዋቂ እንደተተረከው፣ ቶማ ያቀረበው ሐሳብ መጽሔቱ ይዘጋ የሚል ነበር፤ አገር ጦርነት ውስጥ ስትገባ ለሽሙጥ ቦታ የለውም አለ። ሃይነ ግን አልተስማማም። የእሱ ክርክር ይዘት ይህ ነው፦ መጽሔታችን በዓለም የታወቀ ነው፤ አገር ከመቼውም ይልቅ የምትፈልገን አሁን ነው፤ ጦርነቱን እንደግፍ። ሃይነ አሸነፈ። ለቀልዱ ስድስት ወር የታሰረው ያው ሃይነ!

ልብ በሉ፤ ወታደራዊው ሳንሱር በእርግጥ ነበረ፤ ስብሰባው ላይ ግን ሽጉጥ የደገነ ሰው አልነበረም። ሰንሰለቱን በጥሶ የኖረው ውሻ በራሱ እግር ሄዶ ጌታው ደጃፍ ላይ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን እትሞች ስታገላብጡ እጁ ያው እጅ ነው፤ መስመሩም ያው ያማረ መስመር ነው። ቴኒ ትናንት የቀለደበትን መኮንን ዛሬ ጀግና አድርጎ ይስለዋል። ጥርሱ የዞረው ወደ እንግሊዙ፣ ወደ ፈረንሳዩ፣ ወደ ሩሲያው ነው። እነዚህን ካርቱኖች ዛሬ ብታዩአቸው አያስቁም። ቀልዱ ስላረጀብን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለቀለደው ሰው ምንም ዋጋ ያላስከፈለ ቀልድ ስለሆነ ነው።

በካርቱኒስቶቹ ለመፍረድ የምንቸኩል ምሁራን ካለን ግን ቆም እንበል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ 93 የጀርመን ሊቃውንትና የኪነጥበብ ሰዎች የአገራቸው ጦር ቤልጅየም ውስጥ ፈጸመ የተባለውን የሚያስተባብል መግለጫ አወጡ። ከፈራሚዎቹ መካከል ማክስ ፕላንክ አለ፤ ኤክስሬይን ያገኘው ሮንትገን አለ። ማስረጃ ሳይመረምሩ ምንም ነገር አይቀበሉም የምንላቸው ሰዎች ናቸው እነዚህ። ውሻው ብቻውን አልነበረም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ፓሪስ እንሻገር፤ እዚያ ዳክዬ አለ።

የፈረንሳይ ጋዜጦች በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ የጻፉትን ዛሬ ያነበበ ሰው ያፍርላቸዋል። የጀርመን የመድፍ ጥይት አይፈነዳም፤ የጀርመን ወታደር ቂጣ ብታሳየው እጁን ይሰጣል፤ ይህን የመሰለ ነገር። ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር ይህን ወሬ ያነበዋል፤ ወዲያው «አይፈነዳም» የተባለው ጥይት አጠገቡ ይፈነዳል። ወታደሮቹ ለዚህ ዓይነቱ ወሬ ያወጡለት ስም «ጭንቅላት መጠቅጠቅ» የሚል ትርጉም ያለው ነው።

በሴፕቴምበር 1915 ሞሪስ ማሬሻል የሚባል ጋዜጠኛ ከባለቤቱ ከዣን እና ከካርቱኒስቱ ጋሲዬ ጋር «ለ ካናር አንሼኔ» የተባለች ትንሽ ጋዜጣ ጀመሩ። ትርጉሙ «የታሰረው ዳክዬ» ነው። በፈረንሳይ የመንደር ቋንቋ ዳክዬ ማለት ጋዜጣ ማለት ነው፤ የሐሰት ወሬም ማለት ነው። የታሰረው ደግሞ በሳንሱር ነው። ስሙ በሌላ ሰው ላይ የተቀለደበት ቀልድም አለው፦ ፖለቲከኛው ክሌማንሶ «ነፃው ሰው» የሚል ጋዜጣ ነበረው፤ ሳንሱር ሲያስቸግረው ስሙን «የታሰረው ሰው» ብሎ ለወጠው።

ዳክዬው ለአንባቢ የገባው ቃል ከሐሰት ወሬ በስተቀር ምንም እንደማያትም ነበር፤ ሕዝቡ «እውነተኛውን» ወሬ ጠግቦታልና። እኛ በቅኔ ያደግን ሰዎች ይህ ዘዴ አይጠፋንም። ሰሙ ውሸት እንጽፋለን ይላል፤ ወርቁ ሌሎቹ ምን እየጻፉ እንደሆነ ይናገራል። ሳንሱሩ ምኑን ይቆርጠዋል? ጋዜጣው በአምስት እትም ከቆመ በኋላ በጁላይ 1916 እንደገና ተነሣ፤ እስከ ዛሬም ይታተማል።

በጣም የምወደው ሥራቸው ምርጫው ነው። አንባቢዎች «የጭንቅላት ጠቅጣቂዎች ጎሣ አለቃ» ማን እንደሆነ ድምፅ እንዲሰጡ ተጋበዙ። በ1917 ያሸነፈው ጉስታቭ ኤርቬ ነበር። ኤርቬ ማን ነው? ከጦርነቱ በፊት ጦር ሠራዊትን አጥብቆ በመቃወም በተደጋጋሚ የታሰረ ሰው ነው። በ1914 ተገለበጠ፤ ጋዜጣው «ማኅበራዊ ጦርነት» ይባል የነበረውን «ድል» አለው። የሙኒኩ የሃይነ መንትያ ፓሪስ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ፓሪስ ውስጥ ይህን አይቶ የሚስቅበት ዳክዬ መኖሩ ነው፤ ያውም የራሱን ወገን እንጂ ጠላትን ሳይነካ።

ሦስተኛው ሳቅ የሚገኘው ከሁለቱም ርቆ ጭቃው ውስጥ ነው።

ብሩስ ቤርንስፋዘር የእንግሊዝ መኮንን ነበር። በ1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር አካባቢ የመድፍ ጥይት አጠገቡ ፈንድቶ ሆስፒታል ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ባይስታንደር» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ሥዕሉ ሁለት ወታደሮችን ያሳያል። ሌሊት ነው፤ ሰማዩ ላይ ጥይት ይፈነዳል፤ ሁለቱ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። አንደኛው አማርሮ ኖሯል መሰለኝ፤ ጢማሙ ሽማግሌ፣ «ኦልድ ቢል»፣ ከዚህ የተሻለ ጉድጓድ የምታውቅ ከሆነ ሂድበት ይለዋል። በቃ ቀልዱ ይኸው ነው። ሥዕሉ ላይ ጠላት የለም፤ ጀግናም የለም። ፍርሃትና ብርድ ብቻ አለ። ወታደሮቹ ይህን ሥዕል ከመጽሔቱ እየቀደዱ ምሽጋቸው ላይ ለጠፉት።

እዚያው ኢፕር በ1916 መጀመሪያ ካፒቴን ፍሬድ ሮበርትስ እና ሌተናንት ጃክ ፒርሰን የተባሉ መኮንኖች በፍርስራሽ ውስጥ ማተሚያ መኪና አገኙ። ከሻምበላቸው ውስጥ ማተሚያ ቤት የሠራ ሳጅን ነበርና ጋዜጣ ጀመሩ፤ «ዋይፐርስ ታይምስ» ይባላል። የእንግሊዝ ወታደር «ኢፕር» ማለት ሲያቅተው «ዋይፐርስ» ይል ስለነበር ነው። ፊደል ስለማይበቃቸው ፊደል ለቃሚው አንድ ገጽ ለቅሞ ካተመ በኋላ አፍርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከማስታወቂያዎቻቸው አንዱ ተስፈኝነትን እንደ በሽታ ቆጥሮ «ጦርነቱ ቶሎ ያልቃል ብለው ያምናሉ? እንግዲያው ታመዋል፣ እናክምዎታለን» የሚል መንፈስ ነበረው። ጄኔራሎቹ ዋና ሰፈር ሆነው ድል ቀርቧል በሚሉበት ሰዓት ይህን ማተም ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ታሪክ አስተማሪነቴ ዝም አያሰኘኝም። የጦር ሚኒስቴሩ የቤርንስፋዘር ሥዕል ወታደሩን እንደሚያጽናና ሲያይ ሰውዬውን በካርቱን ሠዓሊነት ሾሞ ለተባባሪ አገሮች ጦር ጭምር እንዲስል ላከው። ጉድጓድ ውስጥ የሚስቅ ወታደር ጉድጓዱ ውስጥ ይቆያላ! ስለዚህ ይህም ሳቅ ቢሆን ለጦርነቱ አላገለገለም አልልም። ቢያንስ ግን የሳቀው ሰውና የሚሞተው ሰው አንድ ነበሩ። ይህን ያህል ሐቀኝነት አለው።

ውሻውስ? በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሲምፕሊሲሲሙስም ተራው ደረሰው። ሃይነ አይሁዳዊ ነበር። ለብዙ ዓመታት አብረውት የሣሉ፣ አብረውት የሳቁ ባልደረቦቹ ለአዲሱ ሥርዓት ታማኝ ነን ብለው ፈረሙ፤ ጥፋቱን በእሱና በአዘጋጁ ላይ አላከኩ። ጉልብራንሶንም ቴኒም ከፈራሚዎቹ ውስጥ አሉ። ሃይነ ወደ ፕራግ ሸሸ፤ በኋላም ኦስሎ፣ ከዚያም ስቶክሆልም፤ በ1948 እዚያው በስደት ሞተ። መጽሔቱ ያለ እሱ እስከ 1944 ታተመ። ለ1914 ውሳኔው የተከፈለ ቅጣት ነው አልልም፤ ማንም ያ አይገባውም። «ይዘጋ» ያለው ቶማም ጻድቅ አልነበረም፤ ከጦርነቱ በኋላ ስሙን ሸሽጎ በአይሁድ ላይ የጥላቻ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ አንድ ማኅበር አንዴ ከኃይለኛው ጋር መሳቅ ከለመደ፣ ቀጥሎ የሚሳቅበት ማን እንደሚሆን የሚወስነው ማኅበሩ አይደለም።

ዛሬ ካርቱን ለማግኘት ሳምንት አንጠብቅም፤ ስልካችን ላይ ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አገራችን ውስጥ ጦርነት በነበረበት ወቅት፣ የእኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሥዕል ተላከ። በ«ጠላት» ወገን ላይ የተሣለ ነው። በሳቅ ምልክት ግሩፑ ተጥለቀለቀ። እኔም ሳቅሁ። አዎን፣ ስለ ሃይነ ስንት ሴሚስተር ያስተማርኩት እኔ! በማግስቱ አንድ ወዳጃችን ምንም ሳይናገር ከግሩፑ ወጣ። ቤተሰቦቹ ያሉት በሥዕሉ ላይ በተሣለው አካባቢ ነበር። አራት ዓመት ከእኔ ጋር በአንድ ዶርም አድሯል፤ የአባቱ በሶ ከእኔ ሳጥን ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ያኔ ደውዬ አላናገርኩትም። ምን ልበለው ብዬ ነው፤ እንዲሁም ቀልድ ነው ብዬ ነው።

የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ የሕዝቡን ልብ በቀልድና በእንጉርጉሮ ለማወቅ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ስልኬ ላይ ሥዕል ሲመጣ ከመሳቄ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ጀምሬአለሁ፦ ይህን ቀልድ የቀለደው ሰው ምን ከፈለበት? ምንም ካልከፈለ፣ ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው?

አዘጋጆቹን ይቅርታ፤ የሚያስቅ ነገር ነበር የታዘዝኩት። ያ ወዳጃችን በዘንድሮው በዓል ላይ እመጣለሁ ማለቱን ሰምቻለሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ራሱን ያውቃል። ወንድሜ፣ ከመጣህ ላውንጁ ውስጥ በስተግራ፣ የድሮው ቦታችን ላይ እጠብቅሃለሁ። ቡናው በእኔ ነው።