መካ ተከፈተች፤ ሙሃጂሮቹ ግን አልተመለሱም



በመካከላችን ተወልዶ ያደገበትን ስፍራ ትቶ የወጣ ብዙ ነው። ከፊላችን ከገጠር ወደ ከተማ መጥተናል፤ ዘመዶቻችን ጂዳና ሪያድ፣ ዱባይና አሜሪካ አሉ። አገር ቤት ሹም ወይም መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ታዲያ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። በክፉ ጊዜ የገፋችውን አገር መውደዱን ያልተወ ሰው ሞኝ ነው? ደግ ጊዜ መጣ ሲባል ያልተመለሰስ አገሩን ረስቷል ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት ሙሃጂሮችን ገጥሟቸዋል። የእነሱን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከመካ እስከወጡበት ቀን ድረስ ነው። ዛሬ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንሣ፦ መካን ከለቀቁ በኋላ መካን እንዴት ወደዷት? በእጃቸው ስትገባስ ምን አደረጉ?

*ምድሪቱና አለቆቿ*

መካ ንጉሥ አልነበራትም። የሚመሯት የቁረይሽ ጎሳ አለቆች ነበሩ፤ የሚመክሩትም ዳሩን-ነድዋ በሚባለው ቤት ነበር። ሙስሊሞችን ያሳደዷቸው እነዚህ አለቆች ናቸው። በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደዚህ ወደ ሐበሻ ምድር ተሻገሩ። በነጃሺ ጥላ ሥር በሰላም ተቀመጡ። ይሁንና የመካ ሰዎች ሰለሙ የሚል ወሬ በደረሳቸው ጊዜ ከፊሎቹ ባሕሩን ተሻግረው ተመለሱ። ወሬው ሐሰት ነበር። ሰው እንዲህ በወሬ የሚነሣው ልቡ መንገድ መንገዱን ሲያይ ከርሞ ነው።

በ622 ደግሞ የመዲናው ሒጅራ ሆነ። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዝወራ በሚባለው ቦታ ቆመው መካን አነጋገሯት። ከአላህ ምድር ሁሉ በላጯና አላህ ዘንድ የተወደደችው እሷ መሆኗን፣ ባያስወጧቸው ኖሮም እንደማይወጡ ነገሯት። ወቀሳው ያረፈው በአስወጪዎቹ ላይ ነው፤ በምድሪቱ ላይ አንድም ክፉ ቃል አልወጣም።

ይህ ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በቢላል (ረ.ዐ) ላይ ነው። ቢላል ሐበሻዊ ነው፤ በመካ ባሪያ ነበር። መሬትም ክብርም አልነበረውም። በጠራራ ፀሐይ ደረቱ ላይ አለት ተጭኖበት የተሠቃየው እዚያው መካ ውስጥ ነው። እንግዲህ መካን የሚጠላ ሰው ቢኖር እሱ በሆነ ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት ግን መዲና ገብተው ንዳድ ሲይዛቸው፣ ቢላል ትኩሳቱ በረድ ባለለት ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ መካ ሸለቆ ያንጎራጉር ነበር። የናፈቀው ጥሩ መዓዛ ያለውን ሣሯን፣ ውሃዋንና ተራሮቿን ነው። ይህን ብሎ ሲያበቃ ደግሞ ከአገራቸው ያስወጧቸውን ሰዎች፣ ሸይባን፣ ዑትባንና አሠቃይውን ኡመያ ኢብን ኸለፍን፣ በየስማቸው እየጠራ ረገመ።

እናስተውል። ናፍቆቱና እርግማኑ ከአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ሰዓት ወጡ። ሣሩ የኡመያ እንዳልሆነ ቢላል ያውቅ ነበር።

*የተጨመረ ፍቅር*

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይህን ለነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግራቸው ምን አደረጉ? መካን እርሱ አላሏቸውም። አላህ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ አብልጦ እንዲያስወድዳቸው ዱዓ አደረጉ። የለመኑት አሮጌው ፍቅር እንዲነቀል ሳይሆን አዲስ ፍቅር እንዲጨመር ነው። ዱዓው በዚህም አላበቃም። እህል የሚሰፈርባቸውን ሷዕና ሙድን አላህ እንዲባርክ፣ ንዳዱንም ከከተማዋ እንዲያነሣላቸው ለመኑ። ሰው አዲስ አገሩን የሚወድደው በቃል ብቻ አይደለም፤ ገበያው ሲባረክለትና ልጆቹ ጤና ሲያገኙ ነው።

ሙሃጂሮቹም በበኩላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) አንሷሩ ወንድሙ ሀብቱን ሊያካፍለው ሲል መርቆት ገበያው ወዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ፤ የደረቀ አይብና ቅቤ እየነገደም ራሱን ቻለ። ሐበሻ የቀሩትም እንዲሁ ለተቀበላቸው አገር ልባቸው ተጨንቋል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንዳወራችው ነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ ሲነሣበት እንደዚያን ቀን አዝነው አያውቁም። አላህ ድል እንዲሰጠው ለመኑ። በዕድሜ ከሁሉ ያነሰው ዙበይር (ረ.ዐ) በተነፋ ስልቻ ወንዙን ዋኝቶ ተሻግሮ የውጊያውን ውጤት አይቶ መጣ።

*ፊት ወደ መካ*

በሒጅራ 2ኛ ዓመት፣ ከበድር ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ቂብላው ከበይተል መቅዲስ ወደ ካዕባ ዞረ። ይህ የአላህ ትእዛዝ እንጂ የናፍቆት ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ምን ማለት እንደነበር እናስበው፦ ሊወጓቸው ወደሚመጡት ሰዎች ከተማ በቀን አምስት ጊዜ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

የመካ ሰዎችም አልተረሱም። የየማማው አለቃ ሡማማ ኢብን ኡሣል ሰልሞ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይፈቅዱ አንዲት የስንዴ ፍሬ ወደ መካ እንዳታልፍ ምሎ ነበር። ኢብን ሂሻም እንዳሰፈሩት ቁረይሾች ሲቸገሩ ዝምድናን ጠቅሰው ደብዳቤ ጻፉ፤ እሳቸውም እህሉ እንዲለቀቅ አዘዙ። ይህን ያደረጉት ለሦስት ዓመት ያህል ማዕቀብ ጥለው ላስራቧቸው ሰዎች ነው። በመንግሥት ላይ ያለ ጠብ የአገር ልጅን ማስራቢያ አልሆነም።

*ቤት የሌለው ድል አድራጊ*

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ረመዷን፣ ማለትም በ630 መጀመሪያ፣ አሥር ሺህ ሰው ይዘው መካ ገቡ። የሐበሻዊቷ የኡሙ አይመን ልጅ ኡሳማ (ረ.ዐ) የት እንደሚያርፉ ጠየቃቸው። ዐቂል ቤት አስቀርቶልናል ወይ ሲሉ መለሱለት፤ የአባቱን የአቡጧሊብን ንብረት የወረሰው ዐቂል ነበርና። ማንንም ከቤቱ አላስነሡም። ያረፉትም ኸይፍ በኒ ኪናና ነው፤ ቁረይሾች የዚያን ማዕቀብ ቃል የተማማሉበት ቦታ። ቢላልም ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን አደረገ።

በዚያን ጊዜ የተጨነቁት አንሷሮች ናቸው። ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ሰውየውን የአገሩ ናፍቆትና የዘመዶቹ ርኅራኄ ያዘው ተባባሉ። ስምንት ዓመት ቤታቸውን ያካፈሉ ሰዎች ናቸውና ስጋታቸው አያስወቅስም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሕይወታቸውም ሞታቸውም ከእነሱ ጋር መሆኑን ነገሯቸው። አንሷሮቹ አለቀሱ። መካ ወጣቱ ዐታብ ኢብን አሲድ ተሾመባት፤ እሳቸው ወደ መዲና ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው አረፉ።

ለሙሃጂሮቹ ደግሞ ገደብ ተደረገ፦ የሐጅ ሥርዓታቸውን ከጨረሱ በኋላ በመካ መቆየት የሚችሉት ሦስት ቀን ነው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በመሰናበቻው ሐጅ መካ ላይ ሲታመም ያስፈራው ሒጅራ አድርጎ በተዋት ከተማ መሞት ነበር። ለአላህ ብለው የሰጡትን አሁን ርካሽ ሆነ ብለው መልሰው አልወሰዱትም። ዑለማዎች እንዳብራሩት ይህ ከፈትሕ በፊት ከመካ ለተሰደዱት የተለየ ሕግ ነው፤ ሌላው ሰው ወደ አገሩ ቢመለስ ነውር የለበትም።

*ለእኛስ?*

ለእኛ የሚተርፈው ሕጉ ሳይሆን ሚዛኑ ነው። ክፉ ሹም በነገሠ ጊዜ አገራችንን ብንወድድ ሹሙን ወደድን ማለት አይደለም፤ ቢላል ሁለቱን ለይቷቸዋል። ወዳጅ የምንለው ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ ያ ፍቅር የሌላውን ቤት መንጠቂያ ፈቃድ አይሆንም። ባልተመለሰው ላይም ረሳን ብለን አንፍረድ፤ ምናልባት በክፉ ቀን በር ለከፈቱለት ሰዎች ቃል ኪዳኑን እየጠበቀ ይሆናል።

ዛሬ ከሰፈራችን አዲስ የመጣ ጎረቤት ስለ ትውልድ ቀዬው ሲያወራ ዓይኑ እንባ ቢያቀርር፣ እዚህ ምን ጎደለህ አንበለው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቢላልን እንዲያ አላሉትም። ገበያውን እናሳየው፣ ሲታመም እንጠይቀው፣ የእኛንም ሰፈር እንዲወድዳት ዱዓ እናድርግለት።

አላህ የወጣንባትንም የገባንባትንም ምድር የሰላም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።