«የጠፋ» የተባለው ሸክላ

ስለ ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ፈረንጆች የጻፉትን ያነበበ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ይገጥመዋል፦ የጠፋ። የጠፋ ሙዚቃ፣ የጠፋ ወርቃማ ዘመን። ለመሆኑ ከማን ነው የጠፋው?

ዓመቱን እናስታውስ። ሸክላው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ንጉሡ ከዙፋን ወርደዋል፣ 60ዎቹ ተረሽነዋል፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቷል፣ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ታድራለች። የሸክላ ኅትመትን ከመንግሥት እጅ ፈልቅቆ ያወጣው አምሐ እሸቴ በዚያው ዓመት አገር ጥሎ ሄደ። ይህን አልበም ያሳተመው ሌላው ደፋር ነጋዴ አሊ አብደላ ካይፋ ነው፤ አሊ ታንጎ የምንለው።

ማሕሙድ የመርካቶ ልጅ ነው። ሊስትሮ ሠርቶ ያደገ፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ድምፁ የተገራ። እዚህ አልበም ላይ ግን ከኋላው የቆመው ያ ትልቅ የወታደር ኦርኬስትራ አይደለም። አይቤክስ ባንድ ነው፤ ኋላ ሮሃ የሆነው። ጥቂት ወጣቶች፣ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ እየተመላለሰ የማይለቅ የቤዝ ምት። ማሕሙድ በዚያ ላይ አይቸኩልም። ዜማውን ይይዘዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊለቀው ሲል መልሶ ይይዘዋል።

ከርዕሱ ፖለቲካ ለማውጣት የሚሞክሩ አሉ። መላ የጠፋበት አገር፣ መላ የሚለምን ሕዝብ፣ ወዘተ። እኔ አይመስለኝም። የፍቅር ዘፈን ነው። ሬዲዮው መፈክርና ማርሽ ሲያዥጎደጉድ አንድ ሰው ስለ ገዛ ልቡ መዝፈኑ ምን አነሰው? ሁሉም ሰም ወርቅ አይቆፈርለትም።

ታዲያ እዚህ ጠፍቶ ነበር? ሸክላ መታተሙ ሲቆም ካሴት ተተካ፣ ከካሴት ካሴት ተገለበጠ። ሰዓት እላፊው ሲደርስ በር ዘግተው እስኪነጋ በሚጨፈርባቸው ቤቶች ማሕሙድ አልተለየም። ደግሞ ልብ በሉ፦ በ1980ዎቹ ሰውዬው ፒያሳ ላይ የራሱ ሙዚቃ ቤት ነበረው። የከተማው ሰው «ማሕሙድ ጋ እንገናኝ» ሲል ሱቁን ማለቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 የቤልጂጉ ክራምድ ዲስክስ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ጥረት «ኧረ መላ መላ»ን አውሮፓ ውስጥ አሳተመ። ጆሮ ያለው ሁሉ ደነገጠ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የኢትዮፒክ ተከታታይ ሰባተኛ ጥራዝ ሆኖ በሲዲ ወጣ፤ በ2007 ማሕሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ፋልሴቶን ማመስገን ይገባል፤ የዚያን ዘመን የሸክላ ታሪክ ብዙዎቻችን ያነበብነው እሱ ከሲዲዎቹ ጋር ካሳተማቸው ደብተሮች ነው። ማፈር የሚገባን እኛ ነን።

ግን ዓለም የሰማው አልበም እኛ የሰማነው አይደለም። ሰባተኛው ጥራዝ ከ1975 እስከ 1978 የተቀረጹትን ሥራዎች አንድ ላይ ይዟል። ለፓሪስ አድማጭ ይህ አንድ ምሽት የሚደመጥ አንድ ሙዚቃ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ዘፈን መካከል ቀይ ሽብር አለ። በ1967 ዓ.ም. ሸክላውን ገዝቶ የጨፈረ ወጣት በ1970 የወጣውን ለመስማት በሕይወት ላይኖር ይችላል። ሽፋኑ ላይ ይህ ሁሉ በአንዲት ሰረዝ ታልፏል።