በወሎ የረኃብ ጥናት ታሪክና የኅብረተሰብ ምርምር ሥርዓት

የኅብረተሰብ መርማሪ ወደ ገጠር ከመውረዱ አስቀድሞ ሦስት ነገር መቍረጥ አለበት፤ ይኸውም ምን እንደሚጠይቅ፥ ማንን እንደሚጠይቅ፥ የጥናቱም መለኪያ ሰው፥ ቤተሰብ፥ መንደር ወይም አውራጃ መሆኑን ነው። ይህ ነገር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን በኋላ የሚገኘው መልስ አብዛኛው በዚሁ ቍርጥ ሐሳብ የተወሰነ ነው። ለዚህም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ ስለ ደረሰው ረኃብ የተደረጉት ጥናቶች ምስክር ይሆናሉ።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ድረስ ያለውን ሃያ ዓመት መርምረዋል። መለኪያቸው አውራጃ ነበረ። በዚህም ረኃብ ድንገት የወረደ መዓት ብቻ ሳይሆን፥ ገበሬውን አስቀድሞ ያጋለጠው የኑሮ ሥርዓት ውጤት መሆኑን አስረዱ። የዘመኑ ስፋት የጥናቱ ብርታት ነው። ሆኖም ወልድያንና መርሳን የያዘው የጁ በእንዲህ ያለ ቈጠራ እንደ አንድ ክፍል ብቻ ስለሚቈጠር፥ በደጋውና በቆላው ኑሮ መካከል ያለው ልዩነት አይታይም።

ሕንዳዊው የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መጽሐፍ በሌላ መንገድ ሄዱ። የአገሪቱን ጠቅላላ የምግብ መጠንና የደሴን ገበያ ዋጋ ተመልክተው፥ ሰዎች በወሎ የተራቡት ምግብ የማግኘት አቅማቸው ስለ ተሰበረ ነው አሉ። ከወሎም እህል ወደ ውጭ ይወጣ እንደ ነበረ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1988 ስቲቨን ዴቨሩ ይህንኑ የወሎ ማስረጃ እንደገና መርምረው፥ የምርቱ መጕደል የበለጠ ቦታ ሊሰጠው እንደሚገባ ተከራከሩ። ከዚህ ክርክር የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በአውራ ጎዳና ላይ ያለ ከተማ የእህል ዋጋ፥ እህሉ በአህያ ብቻ ለሚደርስበት መንደር ምስክር ሊሆን አይችልም።

አቶ ደሳለኝ ራህማቶ በበኩላቸው ሐብሩን በደቡብ በሚያዋስነው በአምባሰል ጥናታቸውን አደረጉ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1991 በኡፕሳላ ታተመ። ጥያቄያቸው ሰው ለምን ሞተ የሚል ብቻ ሳይሆን፥ የተረፈው እንዴት ተረፈ የሚል ነበረ። ጥያቄው ስለ ተለወጠም መልሱ ተለወጠ። ገበሬው እጁን አጣጥፎ እርዳታ የሚጠብቅ ሳይሆን፥ ክፉ ቀን መምጣቱን አስቀድሞ የሚያውቅ፥ ምግቡን የሚቀንስ፥ ጥሪቱን የሚሸጥ፥ ሁሉ ሲያልቅ ብቻ ቤቱን ጥሎ የሚሰደድ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬም በሐብሩ ጥናት ለማድረግ የሚያስብ ተመራማሪ ከእነዚህ ሥራዎች ብዙ ይማራል። ከደሴ ተነሥቶ በውርጌሳና በመርሳ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው ጎዳና ለመኪና ይመቻል፤ ነገር ግን የጎዳና ዳር ኑሮ የወረዳው ኑሮ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የተራበው ሕዝብ ወደዚሁ ጎዳና በወጣ ጊዜ በእንግዳ ዓይን ታየ፤ መውጣት ተስኖት በቤቱ የቀረው ግን አልታየም። ስለዚህ ተጠያቂዎች ሲመረጡ በምሥራቅ ወደ አፋር ከሚወርደው ቆላ፥ ከወይና ደጋውና በምዕራብ ካለው ከፍተኛ ቦታ እንደ ሕዝቡ ብዛት መወሰድ ይገባቸዋል። ጊዜውም አንድ ብቻ አይሁን፤ በበልግ የሚያርሰውና በመኸር የሚሰበስበው ሰው ችግሩ የሚብስበት ወር ይለያያል።

የጥያቄው ቃል ደግሞ ከአገሩ አነጋገር መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ላይ እድር የተባለው በወሎ ቅሬ ነው፤ በሥራ የመረዳዳቱም ልማድ ጅጌ ይባላል። ዘመንን በቍጥር ከመጠየቅ ይልቅ «ከሰባ ሰባት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ማለት ይሻላል። የከብትን ቍጥር ደግሞ ግብርንም ሆነ የሰው ዓይንን የሚፈራ ሁሉ አሳንሶ ይናገራልና፥ ተመራማሪው መልሱን በሌላ መንገድ ሳያመሳክር አይመዝግብ።

እንግዲህ የምርምር ሥርዓት የጽሕፈት ቤት ደንብ ብቻ አይደለም። በመዝገቡ ያልገባ መንደር እርዳታ ሲከፋፈልም ሊረሳ ይችላልና፥ የተጠያቂዎች አመራረጥ ስሕተት በመጨረሻው የሰው ሕይወት ዋጋ ያስከፍላል።