የአንጀት መዘጋትን የሚያስከትሉ ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎች

በሆድ ውስጥ የሚወጣ ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይሠራጭ ሲሆን ለዓመታት ያለ ምልክት ሊቆይም ይችላል። በአንጀት ግድግዳ ላይ አድጎ የምግብ መተላለፊያውን ሲዘጋ ግን ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። እምብዛም ከማያጋጥሙት ከእነዚህ ዕጢዎች መካከል ከስብ የሚሠራው ሊፖማ፣ ከጡንቻ የሚነሣው ሊዮማዮማ እንዲሁም ቫኔክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 የገለጸው ፋይብሮይድ ፖሊፕ ይጠቀሳሉ።

ዕጢው አንጀትን የሚዘጋው መተላለፊያውን በመሙላት ብቻ አይደለም። አንጀት ምግብን ለመግፋት ሲኮማተር ዕጢውንም አብሮ ይገፋዋል፤ ዕጢው የተያያዘበት የአንጀት ክፍልም ተስቦ፣ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ይገባል። ይህ ችግር በዋናነት የሕፃናት ሲሆን አዋቂዎች ላይ የሚታየው ከ100 በ5 ገደማ ነው። በሕፃናት ላይ ብዙውን ጊዜ ግልጽ መንስኤ አይገኝለትም፤ በአዋቂዎች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕጢ ወይም ሌላ የአንጀት ችግር አለ።

ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ ቁርጠት በመሆኑ በጨጓራ ወይም በአሜባ ሲሳበብ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። አንጀቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ትውከት፣ የሆድ መነፋት፣ የሰገራና የአየር መቋረጥ ይከተላል። ቁርጠቱ ወደማያቋርጥ ሕመም ከተለወጠ፣ ትኩሳት ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ከታየ የአንጀቱ የደም ዝውውር ሳይቋረጥ አልቀረም። በዚህ ወቅት ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድና ሆድን ማሳሸት አንጀቱን እስከመብሳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ታማሚው ምግብና መጠጥ ሳይወስድ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መድረስ ይኖርበታል።

ራጅ አንጀቱ መዘጋቱን እንጂ ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። አልትራሳውንድ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባውን አንጀት እንደ ተደራረበ ቀለበት ያሳያል። ሲቲ ስካን የተሻለ ሲሆን፣ ስብ በምስሉ ላይ ጠቆር ብሎ ስለሚለይ ሊፖማን ከቀዶ ሕክምና በፊት ማወቅ ያስችላል። ሆኖም በአገራችን የአንጀት መጠማዘዝ ይበልጥ የተለመደ የመዘጋት ምክንያት በመሆኑ፣ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሳይጠበቅ ሊገኝ ይችላል። የአንጀት መበሳት ምልክት ያለው ታማሚም ሲቲ ስካን እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም።

ሕክምናው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ጨጓራን ባዶ በማድረግ ይጀምራል። ለሕፃናት የሚሠራው፣ በፊንጢጣ አየር ወይም ፈሳሽ አስገብቶ አንጀትን የመመለስ ዘዴ ለአዋቂዎች በአመዛኙ አይመከርም፤ ዕጢው በቦታው ይቀራል፣ ካንሰር አለመሆኑም አይረጋገጥም። ስለዚህ ዕጢው ያለበት የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ይወጣና ጤነኞቹ ጫፎች ይገጣጠማሉ። በትልቁ አንጀት የሚገኝ አነስተኛ ሊፖማ በኮሎኖስኮፒ ሊወጣ ይችላል።

የወጣው ዕጢ የግድ በፓቶሎጂ መመርመር አለበት፤ ታማሚው ድኛለሁ ብሎ ውጤቱን ሳይወስድ መቅረት የለበትም። በከንፈሩና በአፉ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ያሉት ሰው ደግሞ ይህንኑ ለሐኪሙ ሊያሳይ ይገባል። ነጠብጣቦቹ ፒውትዝ ጄገርስ የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ምልክት ሊሆኑ የሚችሉ ሲሆን፣ ሕመሙ ተደጋጋሚ የአንጀት ፖሊፖችን የሚያስከትልና የካንሰር ተጋላጭነትን የሚጨምር በመሆኑ የቤተሰቡንም ምርመራ ይጠይቃል።